ስለ ተቆለፈው የጎርፍ ማስታወቂያና ስለ ታሰረው ጥሩምባ

መስከረም ፭ ቀን ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለክቡር ግራዝማች ኃይለ ሚካኤል፣
የሕዝብ ወሬና አገልግሎት ማስፋፊያ ጽሕፈት ቤት ሹም፣
ወረታ።

ክቡር ሆይ፣

እንደምን ከረሙ? ቤትዎ፣ ከብትዎ፣ ጉልበትዎ እንዴት ከረመ? ውሃው ከግቢዎ ደፍ እንዳልደረሰና ምንጣፍዎ እንዳልረጠበ ስለ ሰማሁ የተሰማኝን ደስታ በዚህች አጭር ወረቀት መግለጽ አልችልም። አዲሱን ዓመት የጤና፣ የሹመትና የደረቅ እግር ያድርግልዎ።

እኔን ምናልባት በመልክ ያውቁኝ ይሆናል። ከጽሕፈት ቤትዎ በር ፊት ለፊት፣ ከዋርካው ሥር ተቀምጬ ማመልከቻ የምጽፈው ገብረ ኪዳን ነኝ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ለእርስዎና ከእርስዎ በፊት ለነበሩት ሹማምንት ያልጻፍኩት አቤቱታ የለም፤ ሁሉም ግን በሌላ ሰው ስም ነበር። በራሴ ስም ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ስለ ሆነ፣ ፊደሌ ተንቀጥቅጦ ቢገኝ ከአክብሮት ይቁጠሩልኝ። ደብዳቤውን ለሕዝብ ግልጽ ያደረግሁትም ለእርስዎ ብቻ የተጻፈ ወረቀት በጽሕፈት ቤትዎ መሳቢያ ውስጥ ምን ያህል በሰላም እንደሚተኛ ስለማውቅ ነው።

አንደኛ። ከሁሉ አስቀድሜ ስለ ሰሌዳው አመሰግናለሁ። ባለፈው ሚያዝያ፣ ሕዝቡ የመንግሥትን ወሬ እንደ ሠለጠነ ሰው በዓይኑ እያነበበ እንዲረዳ ብለው፣ አረንጓዴ ቀለም የተቀባ፣ በመስታወት የተከደነ፣ በቁልፍ የሚዘጋ የማስታወቂያ ሰሌዳ በአጥርዎ ላይ አስተከሉልን። በዚያው ቀን፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በገበያና በየመንደሩ እየዞረ ወሬ ሲያሰማን የኖረውን ጥሩምባ ነፊ፣ አቶ ቢሻውን፣ በሕዝብ ፊት አቁመው ስለ አገልግሎቱ አመስግነው አሰናበቱት። ቢሻው ነጠላውን አደግድጎ እንደ ቆመ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀዎት።

«ጌታዬ፣ ማንበብ የማይችለው ሰውስ?»

«ይማራል» አሉት።

አጭርና የማያሻማ መልስ ነበር። ቀጥሎም ጸሐፊዎ አቶ የሻው፣ ከእንግዲህ ያለ ጽሕፈት ቤቱ ፈቃድ ጥሩምባ ነፍቶ ወሬ ያወጣ ሰው በሕግ እንደሚጠየቅ አነበበልን። ቢሻው እጅ ነሥቶ ሲሄድ ጥሩምባውን በየትኛው ትከሻው እንደሚይዝ ጠፍቶት ሁለት ጊዜ ሲያቀያይረው አየሁ። ስድሳ ዓመት ያለፈው ሰው ፊደል ለመቁጠር ገና ብዙ ጊዜ እንዳለው ስላሰቡለት በእሱ ስም አመሰግናለሁ።

ሰሌዳው ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ሕዝቡን አገልግሏል። የሚያነብ ሰው ጥቂት ስለ ሆነ ሌላው በመስታወቱ መልኩን ያይበት ጀመር። ገበያ ከመግባታቸው በፊት ሴቶቹ ሹሩባቸውን፣ ወንዶቹ ጥምጥማቸውን ያስተካክሉበታል። ባለሱቁ ጀላል ከጎንደር ያስመጣቸው የእጅ መስታወቶች ከሚያዝያ ወዲህ አንድም እንዳልተሸጡለት ሲነግረኝ አላዘንኩለትም፤ መንግሥት በነጻ ከሚሰጠው አገልግሎት ጋር ነጋዴ ሊወዳደር አይገባውም።

ሁለተኛ። ማስታወቂያዎቹ ስለሚወጡበት ሰዓትም ምስጋና ይድረስዎ። የከብት ሐኪም ረቡዕ ቀን ከቆላው መንደር ከቁሐር ሚካኤል እንደሚገኝ የሚገልጸው ማስታወቂያ ሐሙስ ወጣ። ሐኪሙ ረቡዕን ከማን ጋር እንደ ዋለ እስከ ዛሬ የሚያውቅ አልተገኘም። በሰኔ ደግሞ ከቁሐር ሚካኤል በታች ያለው የሸክላ አፈር እንዳይቆፈር የሚከለክል ማስታወቂያ ወጣ። ሸክላ ሠሪዋ ሸዋነሽ ፊደል ስለማታውቅ እንደ ልማዷ ስትቆፍር ተይዛ አንድ ቀን ከዘበኛ ቤት ዋለች፤ ስትለቀቅም ተጽፎልሽ አልነበረም ወይ ተብላ ተወቀሰች።

ከዚያ ወዲህ ሸዋነሽ ሰሌዳውን እንደ ተናካሽ ውሻ ትፈራዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ማሰሮና እንስራዋን ሸጣ ስትጨርስ ወደ ዋርካው ትመጣና፣ ስለ እሷ አገር የተጻፈ ነገር መኖሩን ሳትጠይቀኝ ወደ ቤቷ አትመለስም። ቀጥዬ የምተርከው ነገር ሁሉ መነሻው ይህ ፍርሃቷ ነውና፣ ፍርሃቱን የሰጧት እርስዎ ድርሻዎ እንዳይቀርብዎ እዚህ ላይ አስመዝግቤዋለሁ።

ሦስተኛ። ነሐሴ ፲፰ ቀን ስለ ሆነው።

በራሱ በማስታወቂያው ላይ እንደ ተጻፈው፣ ወሬው ከደጋው በስልክ የመጣው ዓርብ ጧት ነው። ርብና ጉማራ ከሚነሡበት አገር ዝናሙ ሳያባራ ሦስት ቀን እንደ ጣለ፣ ወንዞቹ ሞልተው ሜዳውን ሊያጥለቀልቁት እንደሚችሉ፣ ሕዝቡም ከብቱንና እህሉን ወደ ጉብታ እንዲያወጣ የሚል ነበር። ይህ ወሬ ዓርብን ቀኑን ሙሉ በጽሕፈት ቤትዎ ሲረቀቅ፣ ሲታረም፣ በጽሕፈት መኪና ሲመታና ፊርማ ሲጠብቅ ዋለ። ቅዳሜ ጧት በሦስት ሰዓት አቶ የሻው ወረቀቱን ለጠፈ፣ መስታወቱን ቆለፈ፣ ቁልፉን ኪሱ ከተተ፤ ፍልሰታም ተፈትቶ ነበርና፣ እርስዎን ተከትሎ ሐሙሲት ወደ ተጠራችሁበት ድግስ ሄደ።

እኔ በዚያ ሰዓት የአንድ ሰው የድንበር ክርክር ይዤ ስለ ነበር ቀና ብዬ አላየሁም። ይህን ጥፋቴን አልክድም።

ስድስት ሰዓት ገደማ ሸዋነሽ መጣች። «አያ ገብረ ኪዳን፣ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል፤ ስለኛ አገር ይላል?» አለችኝ። ተነሥቼ ሄድኩ። ዝናሙ ከመስታወቱ ውስጥ ገብቶ ስላላበው በእጅጌዬ ብጠርገውም አልጠራ አለ። የመጀመሪያዎቹ አሥር መስመሮች ወረቀቱ ከየት እንደ መጣ፣ በስንት ቁጥር እንደ ተመዘገበ፣ ግልባጩ ለእነማን እንደ ተላከ ያስረዳሉ። «ጎርፍ» የሚለውን ቃል ያገኘሁት አሥራ አንደኛው መስመር ላይ ነው፤ እሱንም የሰሌዳው እንጨት ግማሹን ሸፍኖታል። ለሸዋነሽ ቀስ ብዬ አነበብኩላት። ጨርሼ ዞር ስል ባዶ መሸከሚያዋን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች።

«እኔኮ ላሜን አስሬ ነው የመጣሁ» አለች።

ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ሮጥኩ። ዘበኛው በጨዋ ደንብ ተቀብሎ ሰኞ እንደምትመለሱ ነገረኝ። ጎርፉ እስከ ሰኞ እንዲታገሥ የሚለምን ማመልከቻ ለመጻፍ አስቤ ነበር፤ አድራሻውን ባለማወቄ ተውኩት። ከዚያ ወዲያ የቀረን ቢሻው ነበር።

ቢሻው ከደጃፉ ተቀምጦ ገመድ ይገምዳል። ጥሩምባው በጨርቅ ተጠቅልሎ ከግድግዳው ተሰቅሏል። ነገሩን ስነግረው እጁን ከሥራው አላነሣም። የተሰናበተ ሰው መሆኑን፣ ቢነፋ እንደሚጠየቅ፣ በዚህ ዕድሜው ከዘበኛ ቤት ወለል ላይ ተኝቶ መነሣት እንደማይችል፣ ሁሉንም ረጋ ብሎ አስረዳኝ። እኔም እውነትህን ነው አልኩት። ሸዋነሽ ወደ ሜዳው በኩል ቆማ ደመናውን ታያለች፤ የምትሄድም የምትቆምም ትመስላለች። ቢሻው ለጥቂት ጊዜ አያት። ከዚያ ተነሣ፣ ጥሩምባውን አወረደ፣ ጨርቁን ፈትቶ አጠፈና ለሚስቱ ሰጣት።

«አስቀምጭው፣ ስመለስ እጠቀልልበታለሁ» አላት።

መጀመሪያ የነፋው ከገበያው መሐል ነው። አራት ወር ሳይነፋ ቆይቶ ነበርና የመጀመሪያው ድምፅ ተሰነጠቀ፤ አንዳንድ ሰው ሳቀ። ሁለተኛው ግን ጠርቶ ወጣ፤ ገበያው ጸጥ አለ። «ውሃ እየመጣ ነው። ከብትህን ዛሬውኑ ወደ ጉብታ አውጣ» አለ። ከዚያ ሁሉ መስመር የወሰደው ይህን ብቻ ነው። የመዝገቡን ቁጥርና የግልባጩን ዝርዝር ባለመጥቀሱ በእሱ ፈንታ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የቆላው ሰው የሸጠውንም ያልሸጠውንም እየሰበሰበ ወደ ቤቱ ገሠገሠ። ነገር ግን ገበያ ያልወጣው ይበዛል፤ ስለዚህ መውረድ ነበረብን። ጀላል ሱቁን ዘግቶ በቅሎውን ጭኖ አመጣና፣ የተሰናበተ ሰው ይነፋል ወይ ብሎ ጠይቆ መልሱን ሳይጠብቅ ልጓሙን ለቢሻው አስጨበጠው። ሸዋነሽ ከፊት መንገድ እየመራች፣ ቢሻው በበቅሎ፣ እኔ ከኋላ በባዶ እግሬ ጫማዬን ይዤ ወረድን። ከቁሐር ሚካኤል ጀምሮ መንደር ለመንደር እየቆመ ነፋ። የሰማው ሁሉ እንደ ገና ሳያስጠራ ከብቱን ይነዳል፣ ጥጃውን በትከሻው ይሸከማል፣ እህሉን በስልቻ ይቋጥራል። ሸዋነሽም ላሟን ፈትታ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጉብታ አወጣች፤ ያልተተኮሱ ሸክላዎቿን ግን ለመሸከም የሚበቃ ጊዜ አልነበራትም፤ በጓሮዋ እንደ ተደረደሩ ተወቻቸው።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አንድ ቤት ብቻ ቀረ፤ ከሜዳው ጫፍ፣ ለወንዙ ቅርብ ያለው፣ ሰጠኝ የሚባለው ገበሬ ቤት። በቅሎዋ ከማጡ ገብታ እስከ ሆዷ ሰጠመች። እሷን ለማውጣት ብዙ ደከምን። ቢሻው ከቆመበት ሆኖ ነፋ፤ ትንፋሹ ግን አልቆ ነበር፤ ጥሩምባው የሚያወጣው ድምፅ እኔ አጠገቡ ለቆምኩትም በቅጡ አልተሰማኝም። በስሙ ሊጣራ ሞከረ፤ ጉሮሮው ተዘግቷል። ነፋሱም ከወንዙ ወደ እኛ ነበር። ወደ ጉብታው ተመለስን።

እሑድ ጧት ሰው ከቅዳሴ ሳይወጣ ውሃው መጣ። ድምፅ የለውም፤ ሜዳው ራሱ ከፍ ከፍ ያለ ይመስላል። የዳጉሳው ማሳ ጠፋ፣ የቤቶቹ ጣሪያ ብቻ እዚህም እዚያም ቀረ። ከጉብታው ላይ ከሦስት መቶ የማያንስ ከብት ዝናም እየመታው ቆሞ ያመነዥካል። ሰጠኝና ሚስቱ ልጆቻቸውን ይዘው ከጣሪያቸው ላይ ወጥተው ሳለ፣ ከሐይቁ ዳር የመጡ ዓሣ አጥማጆች በደንገል ታንኳ አወረዷቸው። ሁለቱ በሬዎቹ ከበረታቸው እንደ ታሰሩ ሞቱ።

እዚህ ላይ፣ ክቡር ሆይ፣ የምስጋና ቃል ፈልጌ አጣሁ። ዓርብ ጧት በስልክ የመጣው ወሬ ዓርብ ጧት ለቢሻው ተነግሮት ቢሆን ኖሮ እነዚያ በሬዎች ዛሬ ሣር ይግጡ ነበር። ይህን ያለ ማለባበስ የጻፍኩት ሌላ አጻጻፍ ስለማላውቅለት ነው። ወደ ትሕትናዬ ልመለስ።

አራተኛ። በተከታዩ ማክሰኞ ቢሻው እንዲቀርብ ታዞ በዘበኛ ተወሰደ። ያለ ፈቃድ የመንግሥትን ወሬ በማውጣት፣ ሕዝብን በማሸበርና ገበያ በመበተን የሚል ክስ ተነበበለት፤ ጥሩምባውም ማስረጃ ነው ተብሎ ተያዘ። በማን ፈቃድ እንደ ነፋ ጠየቁት። እኔ በመስኮቱ በኩል ቆሜ ስለ ነበር መልሱን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«ጌታዬ፣ ውሃውም ሳይፈቀድለት ነው የመጣው» አለ።

ድፍረት መስሎዎት ተቆጡ። ድፍረት አልነበረም፤ ሰውየው ከዚያ የተሻለ መልስ አጥቶ ነው። ጉዳዩ መስከረም ሁለት ቀን እንዲታይ ተቀጠረ። ቢሻው በእነዚያ ቀናት ከቤቱ አልወጣም። ልጠይቀው ስሄድ ስለ ክሱ አንድም ነገር አያነሣብኝም፤ ነፋሱ ከወንዙ ባይሆን ኖሮ ሰጠኝ ይሰማው እንደ ነበር ወይም እንዳልነበረ ብቻ ይጠይቀኛል። ይሰማህ ነበር እለዋለሁ። አያምነኝም።

በዚህ መሐል ከበላይ መሥሪያ ቤት ለእርስዎ የምስጋና ደብዳቤ መጣ። የሕዝቡን ከብት ከጎርፍ ስላዳነው ፈጣን ማስታወቂያዎ የሚያመሰግን ነው። ደብዳቤው በደረሰ በዚያው ሰዓት በሰሌዳው ላይ ወጥቶ አየሁት። ሰሌዳው ከተተከለ ወዲህ ሳይዘገይ የወጣ የመጀመሪያው ማስታወቂያ ስለ ሆነ፣ ለታሪክ ብዬ ቀኑን ጽፌ ይዣለሁ።

አምስተኛ። መስከረም ሁለት ቀን ዓርብ፣ የቁሐር ሚካኤልና የአካባቢው ሰው ከጽሕፈት ቤትዎ ደጃፍ ተሰልፎ ሲያዩ ሊያምጽ የመጣ መስሎዎት ዘበኞቹን እንዳስጠሩ አውቃለሁ። ስጋትዎ ተገቢ ነበር፤ የመጡት ግን ጥፋታቸውን ለማመን ነው። ነገሩን ያስረዳኋቸው እኔ ነኝና ኃላፊነቱን እወስዳለሁ። ያለ ፈቃድ ወሬ ማውጣት ወንጀል ከሆነ፣ ያለ ፈቃድ የወጣን ወሬ መስማትና ሰምቶም ከብት ማዳን ከወንጀሉ መካፈል ነው አልኳቸው። ሕግ አክባሪ ሕዝብ ስለ ሆነ ወዲያው ተስማማ።

መጀመሪያ የገባችው ሸዋነሽ ናት። «እኔ ሰምቻለሁ፤ ላሜንም አውጥቻለሁ። ይጻፍብኝ» አለች። አቶ የሻው እርስዎን አየ፤ እርስዎ ጣሪያውን አዩ፤ ጻፈ። ከእሷ በኋላ ሽማግሌው፣ ባልቴቷ፣ ቄሱ፣ እረኛው እየገባ መቼ እንደ ሰማ፣ ስንት ከብት እንዳወጣ እያስመዘገበ ወጣ። ጀላልም በቅሎዋን ከደጅ አስሮ ስለ እሷ ተናዘዘ። አርባ አንደኛው ላይ የአቶ የሻው ከንፈር መንቀጥቀጥ ጀምሮ ፊቱን በመዝገቡ ከለለ፤ የሳቀ አይመስለኝም፤ ቀለሙ ሸትቶት ይሆናል።

መጨረሻ ላይ ሰጠኝ ገባ። የተጠራ አልነበረም፣ እንዲመጣም ያልኩት እኔ አይደለሁም። ዱላውን ከበሩ አስደግፎ በእርስዎ ፊት ቆመ።

«እኔ አልሰማሁም። እኔ ጥፋት የለብኝም» አለ።

የሳቀ አልነበረም። ቢሻው ከማዕዘኑ ቆሞ ነበርና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሰጠኝ ይህን ብሎ እጅ ነሣ፣ ዱላውን አነሣ፣ ሲወጣም በቢሻው አጠገብ አልፎ እጁን ከትከሻው ላይ ለአፍታ አሳርፎ ሄደ። እርስዎም አስቸኳይ ሥራ ትዝ ብሎዎት በኋላ በር ወጡ።

ከሰዓት በኋላ፣ ክሱ በጽሕፈት ቤቱ ምሕረት እንደ ተሰረዘ አቶ የሻው መጥቶ ነገረን፤ ጥሩምባውንም የማስረጃ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ከአንገቱ ታስሮ መለሰ። ሦስት መቶ ከብት ያዳነ ሰው ይቅር ሲባል በዕድሜዬ ማየቴ ለእርስዎ ዘመን የምቆጥረው ክብር ነው። ቢሻው ጥሩምባውን ተቀብሎ ገልበጥ አድርጎ አየው፣ ወረቀቱን ሳይፈታ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን እንዲያውቁልን ያህል፣ የሠፈሩ ሰው ተሰብስቦ ቢሻውን የራሱ ወሬ ነጋሪ አድርጎ መርጦታል። ያለ ደመወዝ ነው፤ እያንዳንዱ ቤት ከአዝመራው አንድ ቁና ይሰፍርለታል። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰሌዳዎን አነብለታለሁ፤ እሱ ከአሥራ አንደኛው መስመር ጀምሮ ያለውን ያሰማል። የቁሐር ሚካኤል ሰው ደግሞ የሰጠኝን ማሳ ተራ ገብቶ ሊያርስለት ተስማምቷል። ተራው ግን ለዘንድሮ ነው። የከርሞውን ማሳ በማን በሬ እንደሚያርስ ሰጠኝም አያውቅ፣ እኛም አናውቅ።

ስለዚህ ከታላቅ ትሕትና ጋር የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። የምስጋናው ደብዳቤ ለእርስዎ ደርሷል፤ ቀንበር ሊጫንበት ግን አይችልም። ከእርስዎ መንጋ ሁለት በሬ ለሰጠኝ ቢሰጡት፣ ምስጋናው በእውነት የእርስዎ ይሆናል፤ እኔም ይህን ደብዳቤ በአደባባይ እስበዋለሁ፤ በዚያው ብዕሬም ሌላ፣ ያለ ፌዝ እጽፍልዎታለሁ። ያንን አጻጻፍ ለመማር ዝግጁ ነኝ፤ እስካሁን ምክንያቱን አጥቼ ነው።

እግዚአብሔር ጤናዎን ይጠብቅልን፣ የስልክዎን ሽቦ ከነፋስ፣ የሹመትዎን ወንበር ከእርጥበት ያድንልን።

ፀሐይ ሲሆን በዋርካው ጥላ፣ ዝናም ሲሆን በዣንጥላው ሥር፣ ከበርዎ ፊት ለፊት ሁልጊዜ የምገኘውና እርስዎ በኋላ በር ሲወጡ ብቻ የማልታይዎት፣ ትሑት ጎረቤትዎ፣

ገብረ ኪዳን ተክለ ሃይማኖት፣
ማመልከቻ ጻፊ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ በጥቅምት ወር ከሌሎች ከተሞች ሹማምንት ፊት ቀርበው፣ ሕዝብዎን በአንድ ቀን እንዴት እንዳስጠነቀቁ እንዲያስረዱ መጠራትዎን ከአቶ የሻው ሰማሁ። ለመኩራታችን ምልክት እንዲሆን ንግግሩን በነጻ ጽፌልዎታለሁ። መግቢያውና መዝጊያው ተሟልቷል። እርስዎ ያደረጉትን የሚገልጸውን የመካከሉን ገጽ ግን የምሞላበት ባጣ፣ ማኅተምዎ በደንብ እንዲያርፍበት ባዶውን አያይዤ ልኬዋለሁ።